ተቆጥራ ያላለቀችው ትል

በ1963 ሲድኒ ብሬነር ለአለቃው ለማክስ ፔሩትዝ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ የሞለኪውላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ይሠሩ ነበር። ብሬነር ከሊቱዌንያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደደ የጫማ ሰፊ ልጅ ነው። ደብዳቤው ባጭሩ የሚለው ይህን ነበር፦ የዘር መረጃ እንዴት እንደሚጻፍና እንዴት እንደሚነበብ ዋናው ነገር ተፈትቷል፣ የቀረውም በቅርቡ ይፈታል፤ ዝርዝሩን ሌላው ይጨርሰው፣ እኛ ወዳልተነካው እንለፍ። ያልተነካው ሁለት ጥያቄ ነበር። ከአንዲት እንቁላል ሙሉ አካል እንዴት ይወጣል? የነርቭ ሕዋሳትስ ተያይዘው እንስሳን እንዴት ያንቀሳቅሳሉ?

ጥያቄው ውሎ አድሮ ስለ ሰው ነው። መልሱን ሰው ላይ መፈለግ ግን በዚያን ጊዜ የማይታሰብ ነበር፤ በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ብሬነር የፈለገው ከዳር እስከ ዳር ሊታወቅ የሚችል፣ አንድም ሕዋስ ሳይቀር ተቆጥሮ የሚያልቅ እንስሳ ነው። ቶሎ የሚራባ፣ ቦታ የማይፈጅ፣ ውስጡ ከውጭ የሚታይ። ብዙ ዓይነት ጥቃቅን ትሎችን ካማረጠ በኋላ ያረፈው በአንዲት የአፈርና የበሰበሰ ፍሬ ነዋሪ ላይ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሟ ሴኖራብዳይቲስ ኤለጋንስ፣ የዘወትር መጠሪያዋ ሲ ኤለጋንስ። የእሱ ላቦራቶሪ ያረባት ዘር በብሪስቶል ከተማ አካባቢ ከእንጉዳይ ማብቀያ ብስባሽ የተገኘ ነው።

ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ነው። ሰውነቷ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሕይወቷ ሳያልፍ አንጀቷን፣ እንቁላሎቿን፣ የሚከፋፈሉ ሕዋሳቷን በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። የምትበላው ባክቴሪያ ነው። ከእንቁላል ተነሥታ ራሷ እንቁላል እስክትጥል ሦስት ቀን ተኩል ያህል ይበቃታል፤ አብዛኞቹም ሁለቱን ፆታ በአንድ አካል ስለያዙ አንዲት ትል ያለ ወንድ ወደ 300 ልጆች ትወልዳለች። ከሁሉ ይልቅ ለተመራማሪ የተመቸው ሌላ ነገር ነው፦ አቀዝቅዞ ማስቀመጥ ይቻላል። ትሏ ግሊሰሪን በገባበት ፈሳሽ ውስጥ ቀዝቅዛ በፈሳሽ ናይትሮጂን ከተቀመጠች ከብዙ ዓመት በኋላ ስትሞቅ ነፍስ ዘርታ ትነሣለች። ስለዚህ በ1970ዎቹ የተገኘ ባለጉድለት ዘር ዛሬም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ሥራ ይጀምራል። አይጥ የሚያረባ ሰው ይህን ሲሰማ የሚቀናው በምክንያት ነው።

ብሬነር በ1974 ባወጣው ረጅም ጽሑፍ የትሏን የዘር ጥናት መሠረት ጣለ። ቆጠራውን በአብዛኛው የሠሩት ግን ሌሎች ናቸው፤ ከእነሱም የእኔ ጀግና ጆን ሰልስተን ነው። ሰልስተን ጥያቄውን እንዲህ አቃለለው፦ እያንዳንዱ ሕዋስ ከየትኛው ሕዋስ ተወለደ? ይህን ለማወቅ ቁጭ ብሎ ከማየት ሌላ መንገድ አልነበረም። ሕዋስ ሲከፈል በዓይን መከታተል፣ በእጅ መሣል፣ ደግሞ መከታተል። ከእንቁላል ከተፈለፈለች በኋላ ያለውን ዕድገት ከሮበርት ሆርቪትዝ ጋር ሆኖ በ1977 አወጣ። የፅንሱ ግን ከባድ ነበር። በዘመኑ የነበረው የቪዲዮ ምስል በቂ ጥራት ስላልነበረው ሰልስተን ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት አራት ሰዓት፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቶ ዋለ። በ1983 ሥራው ታተመ። ከእንቁላል እስከ አዋቂነት የእያንዳንዱ ሕዋስ የዘር ሐረግ ያለ ክፍተት የታወቀባት የመጀመሪያዋ እንስሳ ይህች ትል ሆነች።

ለዘር ሐረግ ቆጠራ አዲስ ያልሆነ የአገራችን አንባቢ ውጤቱን ሲያይ አንድ ነገር ያስገርመዋል። የትሏ ሐረግ አይለያይም። አንዲት አዋቂ ትል የመራቢያ ሕዋሳቷ ሳይቆጠሩ በትክክል 959 ሕዋሳት አሏት፤ ጎረቤቷም 959፣ ልጇም 959። ከእነዚህ 302ቱ የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። እያንዳንዱ ነርቭ ስም አለው፤ ቦታውም ከትል ትል አይለወጥም። በዕድገት ጊዜ የሚወለዱት ሕዋሳት ግን 1,090 ናቸው። ታዲያ 131ዱ የት ገቡ? ሞቱ። በበሽታ ወይም በአደጋ ሳይሆን በተመደበላቸው ሰዓትና ቦታ፣ ሁልጊዜ እነዚያው 131 ሕዋሳት ራሳቸውን አጥፍተው በጎረቤቶቻቸው ይዋጣሉ። ሆርቪትዝ ይህን ሞት የሚያዝዙትን ጂኖች ለይቶ አወጣ። ከእነሱ አንዱ፣ ሞቱን የሚያግደው፣ በሰው ላይ ካለና በአንዳንድ የደም ካንሰር ከሚበላሽ ጂን ጋር ዘመድ ሆኖ ተገኘ። የካንሰር ሕዋስ አንዱ ጥፋት መሞት ሲገባው አለመሞቱ እንደሆነ ዛሬ ማንኛውም የሕክምና ተማሪ ያውቃል፤ ትዕዛዙ እንዴት እንደሚሰጥ በዝርዝር የታየው ግን በዚህች ትል ላይ ነው። ብሬነር፣ ሰልስተንና ሆርቪትዝ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ከዚያ ወዲህ ትሏ ሦስት ጊዜ ወደ ስቶክሆልም ተመልሳለች። አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ ባለ ሁለት ዘርፍ አርኤንኤ ጂንን ዝም እንደሚያሰኝ በ1998 በትሏ ላይ አሳይተው በ2006 ተሸለሙ። ማርቲን ቻልፊ ከጄሊ ዓሣ የተገኘውን አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን በትሏ የዳሰሳ ነርቮች ውስጥ አብርቶ በ1994 አሳተመ፤ ኖቤሉን በ2008 ከሁለት ሰዎች ጋር ተካፈለ። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭካን ደግሞ በ2024 የተሸለሙበት ሥራ በ1993 የታተመ ነው። በጣም አጫጭር አርኤንኤዎች ሌሎች ጂኖችን እንደሚቆጣጠሩ ነበር ያሳዩት፤ ሰሚ ግን ብዙም አላገኙም። የትል ጠባይ ነው ተብሎ ሰባት ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ በ2000 ራቭካን ተመሳሳዩን በሰው፣ በዝንብና በሌሎች ብዙ እንስሳት ሲያገኘው ግን ነገሩ ተለወጠ። ለእኔ ከአራቱ ትልቁን የሚያስተምረው ይህ የመጨረሻው ነው። ሰባት ዓመት የጠፋው መሣሪያ ስላልነበረ አይደለም፤ ትልን ማን ሰው ብሎት!

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ነርቩ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚወሳሰበው።

ብሬነር የ302ቱን ነርቮች ግንኙነት በሙሉ ለመሣል ጆን ኋይት የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ሰው ቀጠረ። ኒኮል ቶምሰን ትሏን ከፀጉር በብዙ እጥፍ እያቀጠነ ይቆራርጣል፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያነሣል። አይሊን ሳውዝጌት ደግሞ በሺህ በሚቆጠሩት ፎቶዎች ላይ እያንዳንዱን የነርቭ ክር ከገጽ ገጽ በቀለም እየለየች ትከተላለች። መጀመሪያ ኮምፒውተር እንዲያግዛቸው ሞክረው ነበር። የዘመኑ ኮምፒውተር አቅም ስላነሰው አብዛኛው ሥራ ወደ እጅና ዓይን ተመለሰ። ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። በ1986 ለንደን የሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ 340 ገጽ የያዘ አንድ ጽሑፍ አተመላቸው፤ በገጾቹ አናት ላይ የተለጠፈው አጭር ርእስ «የትል አእምሮ» የሚል ነበር። የአንድ እንስሳ ሙሉ የነርቭ ካርታ ሲታተም ይህ የመጀመሪያው ነው።

ርእሱ ቀልድ ነበረበት፤ ደራሲዎቹም ያውቁታል። ካርታው እጅ ከገባ በኋላ ማንም ሰው ካርታውን አይቶ ትሏ ቀጥላ ምን እንደምታደርግ መናገር አልቻለም። አንዳንድ ቀላል ነገር በእርግጥ ተፈታ። ፊተኛው የሰውነቷ ክፍል ላይ ስትነካ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች፣ ጅራቷ ላይ ስትነካ ወደ ፊት ትሸሻለች፤ ይህን የሚያስተላልፉት ስድስት የዳሰሳ ነርቮችና ከእነሱ በኋላ ያሉት አዛዥ ነርቮች ተለይተው ታወቁ። ነገር ግን የተራበች ትልና የጠገበች ትል ለአንድ ሽታ የተለያየ ምላሽ ይሰጣሉ፤ ካርታቸው ግን አንድ ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በካርታው ላይ ያለ መስመር ሁለት ነርቮች መገናኘታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ይቀስቅሰው ወይም ያስተኛው አይናገርም። የትሏ ነርቮች አብዛኞቹ እንደኛ ነርቭ «አዎ» ወይም «አይ» የሚሉ ሳይሆኑ ከፍ ዝቅ የሚሉ ናቸው። ከዚያም በላይ፣ ነርቮቹ ከመገናኛው ውጭ ኬሚካል ወደ ሰውነቷ ፈሳሽ ይለቃሉ፤ ሩቅ ያለ ነርቭ ሽቦ ሳይደርሰው ወሬው ይደርሰዋል።

በ2023 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ጥናት ይህን በቁጥር አሳየ። በአንድሩ ላይፈር የሚመራው ቡድን ነርቮችን አንድ በአንድ በብርሃን እየቀሰቀሰ ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ መዘገበ፤ ከ23,000 የሚበልጡ የነርቭ ጥንዶችን ለካ። የታየው የምልክት ጉዞ በ1986ቱ ካርታ ላይ ተመሥርቶ ከሚገመተው ጋር ብዙ ቦታ አልገጠመም፤ አንዱ ምክንያት ከመገናኛው ውጭ የሚፈሰው ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። ካርታው ስሕተት አለበት ማለት አይደለም። ልክ ነው። ግን አይበቃም። በ2011 የጀመረው ኦፕንዎርም የተባለ ፕሮጀክት ትሏን ሕዋስ በሕዋስ በኮምፒውተር ውስጥ ለመሥራት ተነሥቶ ብዙ ጠቃሚ ነገር አፍርቷል፤ እስካሁን ግን በስክሪን ላይ ኖራ፣ ተርባ፣ ተምራ፣ እንቁላል ጥላ የምታሳይ ትል የለችም። ስለ ሰው አንጎል ኮፒ ወደ ኮምፒውተር መጫን በልበ ሙሉነት የሚናገሩ ሰዎችን ስሰማ ሁልጊዜ 302 የሚለው ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከትሏ ግን ሁሉንም ሳይረዱ መውሰድ የሚቻልም ነገር አለ። በኤምአይቲና በኦስትሪያ ይሠሩ የነበሩት ራሚን ሐሳኒ፣ ማቲያስ ሌክነር፣ ዳኒዬላ ሩስና ባልደረቦቻቸው የትሏን ሙሉ ነርቭ ለመገልበጥ አልሞከሩም። ከአደረጃጀቷ ጥቂት ልማድ ብቻ ተዋሱ፦ ከስሜት ተቀባይ ወደ መካከለኛ፣ ከመካከለኛ ወደ አዛዥ፣ ከአዛዥ ወደ ጡንቻ፤ በየመካከሉ ያለው ግንኙነት ጥቂት ይሁን፤ እያንዳንዱ ነርቭም የሚመልስበት ፍጥነት እንደሚደርሰው ምልክት ይለዋወጥ። በ2020 ባሳተሙት ሙከራ፣ ምስሉን አስቀድሞ የሚያጣራ ሌላ ክፍል እየረዳቸው፣ 19 ሰው ሠራሽ ነርቮች መኪናን ከመስመሩ ሳይወጣ እንዲሄድ መሪውን ያዙ። የ19 ትንሽነት ጥቅሙ ሊመረመር መቻሉ ነው። መኪናው ለምን ወደ ግራ እንደታጠፈ ሲጠየቅ የትኛው ነርቭ ምን እንዳለ ማየት ይቻላል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች በተከማቹበት ሥርዓት ውስጥ ይህ ከባድ ነው። ብሬነር በ1963 የፈለገው «ከዳር እስከ ዳር የሚታወቅ» ነገር በኢንጂነሮች ደጅ በዚህ መልክ ደረሰ።

ኢንጂነሮች ግን ትልን የሚወድዱት ከነርቩ ይልቅ በአካሉ ነው። አጥንት የሌለው፣ እግር የሌለው፣ ለስላሳ ነገር ድርቅ ያለ አፈር ሰንጥቆ እንዴት ያልፋል? ጥያቄውን በቁም ነገር የያዘው የመጀመሪያው ትልቅ ሰው ቻርልስ ዳርዊን ሳይሆን አይቀርም። የዝግመተ ለውጡ ዳርዊን በመጨረሻ መጽሐፉ፣ በ1881፣ ስለ መሬት ትል ጻፈ። ትሎቹን በሸክላ ማሰሮ አድርጎ ቤቱ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ ልጁ ባሱን የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ነፋላቸው፣ ፒያኖም በአጠገባቸው ተመታ፣ ምንም አላሉም። ማሰሮው ፒያኖው ላይ ሲቀመጥ ግን ንዝረቱ ተሰማቸውና ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ። ይህ ሁሉ ቀልድ ይመስላል። በዚያው መጽሐፍ ግን በእንግሊዝ ብዙ ቦታ በየዓመቱ በአንድ ኤከር ከአሥር ቶን በላይ አፈር በትሎች አንጀት ውስጥ እንደሚያልፍ አሰላ። ገበሬ የሚያርሰውን መሬት ከገበሬው በፊት ያረሰው ማን እንደሆነ ሒሳብ ያቀረበ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመሬት ትል የሚሄደው በሁለት ጡንቻ ነው። አንዱ ሰውነቱን እንደ ቀለበት ይከባል፣ ሌላው በቁመቱ ይዘረጋል። ቀለበቱ ሲጨብጥ ትሉ ይቀጥናል፣ ይረዝማል፣ ወደ ፊት ይገፋል፤ የቁመቱ ሲያጥር ይወፍራል፣ ጎኑ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች አፈሩን ይይዙለታል፣ ኋላው ይሳባል። ይህ ማዕበል ከራስ ወደ ጅራት እየተከታተለ ይወርዳል። በ2012 የኤምአይቲ፣ የሃርቫርድና የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በፕላስቲክ መረብ ቱቦ ሠሩት። ለጡንቻነት የተጠቀሙት ሲሞቅ የሚኮማተር የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሽቦውን ሲያሞቀው ቱቦው ይጨበጣል፣ ሲበርድ ይለቃል። ሮቦቱ አዝጋሚ ነው፤ በሰከንድ አምስት ሚሊሜትር ያህል። ግን በመዶሻ ደበደቡት፣ በእግራቸው ረገጡት፣ መንገዱን ቀጠለ። ሞተርና ጥርስ ያለው ማሽን እንዲህ ቢደረግ የሚሆነውን መካኒኮች ያውቁታል።

ባሕር ወለል ጭቃ ውስጥ የሚኖሩት ትሎች ነገር ከዚህ ይለያል፤ ለእኔ ይበልጥ ይጥመኛል። ኬሊ ዶርጋን ከባልደረቦቿ ጋር በ2005 ያሳየችው ይህን ነው። ጭቃው ውስጥ ማየት ስለማይቻል በባሕር ውሃ የተሠራ ጥርት ያለ ጄላቲን ወስደው ትሉን እዚያ ውስጥ ለቀቁት፤ ብርሃኑ በተለየ ማጣሪያ ሲያልፍ ጄላቲኑ የተጨነቀበት ቦታ ሁሉ ደምቆ ይታያል። ያኔ ትሉ ጭቃውን አካፋ እንደያዘ ሰው እየዛቀ እንዳልሆነ ታወቀ። ጉሮሮውን ወደ ውጭ ገልብጦ ስንጥቁን ያሰፋል፤ ስንጥቁ ራሱ ወደ ፊት ይሮጥለታል። ብረትና መስታወት እንዴት እንደሚሰነጠቁ የሚያጠናው የኢንጂነሮች ስሌት ለጭቃ ትል አካሄድ አገለገለ ማለት ነው። የጥናት መስኮች እንዲህ ሲበዳደሩ ማየት ደስ ይላል፤ ብድሩም ወደ አንድ ወገን ብቻ አይሄድም።

ከዚህ ቀደም ብሎ የተወሰደ ብድር በለንደን ምድር ሥር አለ። ኢንጂነሩ ማርክ ብሩኔል የመርከብ እንጨት የሚበላውን የባሕር እንስሳ ተመልክቶ የዋሻ መቆፈሪያ ጋሻ አሰበ ይባላል። (ይህ እንስሳ በሳይንስ አመዳደብ ትል ሳይሆን የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። መርከበኞች ግን ትል እንዳሉት ቀርቷል።) እንስሳው ራሱ ላይ ባለው ጠንካራ ቅርፊት ይቦረቡራል፣ ከኋላው ደግሞ የሄደበትን ቀዳዳ በኖራ ይለስናል። ብሩኔል በ1818 የባለቤትነት መብት አወጣበት፤ በ1825 በቴምስ ወንዝ ሥር ቁፋሮ ጀመረ። ጋሻው 36 ክፍሎች ነበሩት፤ በእያንዳንዱ አንድ ቆፋሪ ቆሞ ፊቱ ያለውን መሬት ይቦረቡራል፣ ጋሻው በስክሩ ይገፋል፣ ግንበኞች ከኋላ ጡብ ይደረድራሉ። ውሃ ሰብሮ እየገባ፣ ሰው እየሞተ፣ ገንዘብ እያለቀ ሥራው 18 ዓመት ፈጅቶ በ1843 ተከፈተ። ዛሬም ባቡር ያልፍበታል።

አንድ ደግሞ ከሕክምና ልጨምርና ከኢንጂነሮቹ ልሰናበት። ዓሣ አንጀት ውስጥ የሚኖር እሾሃማ ራስ ያለው ጥገኛ ትል አለ፤ ራሱን ግድግዳው ውስጥ ሰክቶ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ማንም አያወጣውም። በቦስተን የጄፍሪ ካርፕ ቡድን በ2013 ጫፋቸው እርጥበት ሲነካው የሚያብጥ ጥቃቅን መርፌዎችን አሳየ፤ በቆዳ ንቅለ ተከላ ሙከራ ላይ ከብረት ስፌት ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል አጥብቀው ያዙ። ዓሣውን የሚጎዳው ጥበብ ቁስልን ለማሸግ ዋለ።

የኮምፒውተር ሰዎች ከትል የወሰዱት ነርቩንም አካሉንም ሳይሆን መራባቱን ነው። በካሊፎርኒያ በዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ወደ መቶ የሚጠጉ ኮምፒውተሮች በአንድ ኔትወርክ ተያይዘው ነበር፤ ሌሊት ግን አብዛኞቹ ሥራ ይፈታሉ። ጆን ሾክና ጆን ሃፕ ሥራ የፈታ ማሽን ፈልጎ፣ ራሱን ቀድቶ ገብቶ፣ ከባዱን ሒሳብ የሚካፈል ፕሮግራም ሠሩ። ስሙን ከጆን ብራነር የ1975 ልብ ወለድ ወስደው «ትል» አሉት፤ በየኮምፒውተሩ ያለውን ክፍል ደግሞ «አንጓ»። ሐሳቡ በጎ ነበር፣ ሰርቶላቸውም ነበር። አንድ ሌሊት ትንሽ ሙከራ ለቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ጠዋት ሲመለሱ በሕንጻው ሁሉ ኮምፒውተሮች ተዘግተው ተገኙ። አንድ ቅጂ ተበላሽቶ ማሽን ሲያስነሣ ማሽኑ ይወድቃል፣ ትሉ ደግሞ ሌላ ማሽን ይፈልጋል። ደግነቱ አስቀድመው አንጓዎቹን ሁሉ የሚያቆም ትዕዛዝ አዘጋጅተው ነበር። ይህን ሁሉ ሳይደብቁ በ1982 አሳተሙት።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1988፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሮበርት ታፓን ሞሪስ የለቀቀው ትል ግን የሚያቆመው ትዕዛዝ አልነበረውም። ምንጩ እንዳይታወቅ የለቀቀው ከኤምአይቲ ኮምፒውተር ነው። ትሉ ፋይል አያጠፋም፣ ገንዘብ አይሰርቅም። በኢሜይል ማመላለሻው ፕሮግራም ቀዳዳ፣ ተጠቃሚን በሚጠቁም ሌላ ፕሮግራም ቀዳዳ፣ በደካማ የይለፍ ቃልና ኮምፒውተሮች አንዱ በሌላው ላይ በሚጥሉት እምነት እየገባ መራባት ብቻ ነበር ሥራው። ሞሪስ አንድን ማሽን ደጋግሞ እንዳይወርረው አስቦ ነበር፤ አዲሱ ቅጂ «እዚህ ሌላ ቅጂ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ካለ ከሁለቱ አንዱ ይወጣል። ነገር ግን አስተዳዳሪዎች «አለ» የሚል የውሸት መልስ ቢያዘጋጁስ? ይህን ለመከላከል ከሰባት አንዱ ጊዜ መልሱን ሳይሰማ እንዲቀር አደረገ። ከሰባት አንዱ ትንሽ ይመስላል። ትሉ ግን ከማሽን ማሽን የሚዘልበት ፍጥነት እጅግ ትልቅ ስለነበር የማይሞቱት ቅጂዎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተደራርበው ማሽኑን እስኪያንቀው ድረስ በዙ። በዚያን ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ከተያያዙት 60,000 ገደማ ኮምፒውተሮች ወደ 6,000 ተያዙ የሚል ግምት በስፋት ተሰራጨ።

ሞሪስ በ1990 ጥፋተኛ ተባለ፤ ሦስት ዓመት በአመክሮ፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት። በኋላ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲም እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የሚያስተባብር ቡድን ትሉ በተለቀቀበት ወር ተቋቁሞ ነበር። ትልቁ ለውጥ ግን በአስተሳሰብ ላይ የመጣው ይመስለኛል። በ1991 የአይቢኤም ተመራማሪዎች ጄፍሪ ኬፋርትና ስቲቭ ኋይት የበሽታ ወረርሽኝ የሚሰላበትን ሒሳብ ወስደው ለኮምፒውተር ቫይረስ ሠሩበት። የሒሳቡ እምብርት አንድ ነው፦ አንድ የተያዘ በአማካይ ከአንድ በላይ ካስያዘ ይስፋፋል፣ ከአንድ በታች ካስያዘ ይጠፋል። ስለዚህ ሁሉንም ማሽን መከላከል ግዴታ አይደለም፤ ቁጥሩን ከአንድ በታች ማውረድ ይበቃል። ጊዜ ካለ ማለት ነው። በጃንዋሪ 2003 የተለቀቀው፣ ስላመር የተባለው 376 ባይት ብቻ የነበረ ትል መጀመሪያ ላይ በየ8.5 ሰከንዱ እጥፍ እየሆነ ሊያዙ ከሚችሉት ማሽኖች ዘጠና በመቶውን በአሥር ደቂቃ ያዘ። ያንን የሚቀድም ሰው የለም።

የእውነተኞቹ ጥገኛ ትሎች ሒሳብም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በእጃችን ጊዜ መኖሩ ነው። እዚህ ላይ ኢትዮጵያ የራሷ ምዕራፍ አላት። በ1964 አክሊሉ ለማ በዓድዋ የቢልሃርዚያን ጉዳይ ያጠና ነበር። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ማደር አለበት፤ ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተከማችተው አየ። ሴቶቹ እንዶዱን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ የሳይንሱ ሥራ ያን ዕውቀት ወስዶ በላቦራቶሪ መለካት፣ መጠኑን ማወቅ፣ ለሰው ያለውን ጉዳት መመርመር ነበር። አክሊሉና ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም በአክሊሉ ስም ይጠራል።

ጊኒ ዎርም ደግሞ መድኃኒትም ክትባትም የሌለው ነው። ሰው በውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተባዮችን ሲጠጣ ይገባል፤ ከዓመት ገደማ በኋላ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ትል ቆዳ ሰንጥቆ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእግር፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሕመምተኛው ሊያቀዘቅዘው እግሩን ውሃ ውስጥ ሲነክር ትሉ እጮቹን ይለቃል፣ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። መከላከያው ውሃን በጨርቅ ማጥለል፣ የታመመውን ሰው ከኩሬ ማራቅና ኩሬውን በኬሚካል ማከም ነው። በዚህ ብቻ በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ይገመት የነበረው የታማሚ ቁጥር ከ2021 እስከ 2024 በየዓመቱ ከ20 በታች ሆነ። እንዲህ ያለ ውጤት ያለ ኪኒን ሲገኝ በሕክምና ታሪክ ብዙ አይታይም።

በኢትዮጵያ በሽታው የቀረው በጋምቤላ ነው። በ2018ና በ2019 አንድም ሰው አልተያዘም፤ የጨረስነው መስሎ ነበር። በ2020 ግን 11 ሰዎች ተገኙ። ከዚያ አስቀድሞም ትሉ በጋምቤላ ዝንጀሮዎችና ውሾች ላይ መታየት ጀምሮ ነበር፤ ቻድ ውስጥ ደግሞ በሰው ከሚገኘው ይልቅ በውሻ የሚገኘው እጅግ በልጧል። ሰዎችን አንድ በአንድ ሲቆጥር የኖረው ዘመቻ ሌላ የሚቆጠር ነገር እንዳለ ያወቀው ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው። አሁን በጎግና በአቦቦ ወረዳዎች የጤና ሠራተኞች የመንደሩን ውሾች ያሳስራሉ፣ ጫካ ውስጥ ያሉትን ኩሬዎች እየዞሩ በኬሚካል ያክማሉ፣ ዝንጀሮዎችንም እየያዙ ይመረምራሉ። ዝንጀሮ ደግሞ ውሃ አጥልለህ ጠጣ ቢሉት አይሰማም።